ነጭ ከሆነ የባሕር ነው

ሰርቬየሩ፣ የተጎዳ ጭነት የሚመረምረው ልጅ፣ ከቦርሳው ያወጣት ብልቃጥ ከዓይን መድኃኒት ጠርሙስ አትበልጥም። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ቃሊቲ ካሉት መጋዘኖች ባንዱ ደጃፍ ቆመናል። የባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር በሮች ወለል ብለው ተከፍተው ከውስጥ የሻገተ ወረቀት ሽታ ይመጣል። ዕቃው ከእስያ የመጣ የማተሚያ ወረቀት ነው። በሩ ሥር ያሉት ካርቶኖች ምንም አልሆኑም። ወደ መሀል ሲኬድ ግን ጎናቸው ጠቁሮ አብጠዋል፤ የላይኞቹ ከነጭራሹ ልፍስፍስ ብለው አንዱ ባንዱ ላይ ተኝተዋል።

"ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡኝ" አለ ልጁ። ከብልቃጡ ሦስት ጠብታ እርጥቡ ካርቶን ላይ አንጠባጠበ።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉ አስመጪው።

"ሲልቨር ናይትሬት ይባላል። ነጭ ከሆነ የባሕር ነው።"

ሦስታችንም አጎነበስን። የባሕር ውኃ ጨው አለበት፤ ጨው ከዚህ ፈሳሽ ጋር ሲገናኝ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። የዝናብ ውኃ ግን አይነጣም። ጠብታዎቹ እንደ ጠሩ ቀሩ።

"የባሕር አይደለም፣ ጋሼ። የዝናብ ነው የሚመስለው።"

"ታዲያ ውኃ ያው ውኃ አይደለም እንዴ? ወረቀቴን እንደሆነ አበላሽቶታል።"

ልጁ ወዲያው አልመለሰላቸውም። እጁ ላይ ያለው የመድን ውል የሚለው ሌላ ነው። አስመጪው የገዙት ሽፋን "ቢ" የሚባለው ነው። "ቢ" የባሕር፣ የሐይቅ ወይም የወንዝ ውኃ ወደ መርከቡ ወይም ወደ ኮንቴይነሩ ገብቶ ዕቃ ቢያበላሽ ይክሳል። ከሰማይ የወረደ ውኃ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያ ጠብታ ቢነጣ ኖሮ ካሣ ነበረ፤ ስላልነጣ የለም።

የባሕር መድን ሲባል አብዛኞቻችን በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ማዕበልና የምትሰጥም መርከብ ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺ ብልቃጥ ናት የምትታየኝ። ወደብ በሌላት አገራችን ከውጭ የሚገባው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። ሲሚንቶ ፋብሪካው የሚጠብቀው መለዋወጫ፣ ገበሬው የሚጠብቀው ማዳበሪያ፣ ሆስፒታሉ የሚጠብቀው መሣሪያ ሁሉ አንድ የመድን ወረቀት ይዞ ነው የሚጓዘው። ወረቀቱን ከፍቶ ያነበበው ሰው ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። ኤልሲ፣ ማለትም የባንክ የክፍያ ዋስትና፣ ለማስከፈት ባንኩ ከሚጠይቃቸው ሰነዶች አንዱ ከአገር ውስጥ ኩባንያ የተገዛ የባሕር መድን ሰርተፍኬት ነው። አስመጪው የውጭ ምንዛሪ ሲጠብቅ ከርሞ ሲያገኝ ይሯሯጣል፤ መድኑን በዚያች ጥድፊያ፣ ፋይል ለማሟላት ሲል፣ ዋጋው ዝቅ ያለውን ይገዛል። ከዚያ ወረቀቱ ፎልደር ውስጥ ገብቶ ይተኛል። የሚቀሰቀሰው ኮንቴይነር ተከፍቶ ሽታ ሲወጣ ነው።

በዓለም ላይ ለጭነት የሚሸጠው የባሕር መድን በአብዛኛው የሚጻፈው ለንደን ውስጥ በተዘጋጁ ሦስት የውል ዓይነቶች ነው፦ "ኤ"፣ "ቢ" እና "ሲ"። በ1982 እ.ኤ.አ. ወጥተው በ2009 እ.ኤ.አ. ተሻሽለዋል፤ የእኛም ኩባንያዎች የሚሸጡት እነሱኑ ነው። "ሲ" ጠባቡ ነው። እሳት፣ ፍንዳታ፣ የመርከብ መስጠም፣ መሬት መንከስ፣ ግጭት፣ የመኪና መገልበጥ ወይም የባቡር ከሐዲድ መውጣት ይሸፍናል። ባጭሩ፣ መርከቧን ወይም መኪናውን የሚያገኝ ትልቅ አደጋ መድረስ አለበት። "ቢ" በዚያ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥን፣ ማዕበል ከመርከብ ጠርጎ የወሰደውን ዕቃ፣ ሲጫንና ሲወርድ ወድቆ ሙሉ በሙሉ የጠፋ ጥቅልን፣ እንዲሁም ቀደም ብዬ ያልኩትን የባሕር ውኃ ይጨምራል። "ኤ" አካሄዱ የተለየ ነው፤ የሚሸፍነውን አይዘረዝርም፣ የማይሸፍነውን ይዘረዝራል። የቀረው ሁሉ ተሸፍኗል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ፦ ስርቆት በ"ቢ"ም በ"ሲ"ም ውስጥ የለም። ከጅቡቲ ተነሥቶ በጋላፊ በረሃ አልፎ አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ ስንት ቦታ እንደሚቆም ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ካርቶን ተቀዶ ግማሹ ዕቃ ቢወሰድ፣ ፎርክሊፍት ወግቶ ቢያበላሽ፣ ሸራ ሥር ዝናብ ቢገባ፣ "ሲ" የገዛ ሰው እጁ ላይ የሚቀረው ወረቀቱ ብቻ ነው። ስርቆትንና ሳይደርስ መቅረትን ለብቻ ተጨማሪ አረቦን ከፍሎ ማካተት ይቻላል፤ የሚጠይቀው ግን ጥቂቱ ነው።

"ኤ" ስለተገዛም ሁሉም ነገር አበቃ ማለት አይደለም። መዘግየት ያስከተለው ኪሳራ፣ መርከቡ የዘገየው በተሸፈነ አደጋ ምክንያት ቢሆን እንኳ፣ አይካስም። ለበዓል የመጣ ዕቃ ከበዓሉ በኋላ ቢደርስ የነጋዴው ዕዳ ነው። በአግባቡ ያልታሸገ ዕቃ፣ ከራሱ ከዕቃው ባሕርይ የመጣ ብልሽት፣ ባለዕቃው ሆን ብሎ ያደረሰው ጥፋት አይካሱም። ጦርነትም በዋናው ውል ውስጥ የለም፤ ለብቻው ይገዛል። እሱም ቢሆን አንድ ቋጠሮ አለበት፦ የጦርነት ሽፋን የሚሠራው ዕቃው መርከብ ላይ እያለ ብቻ ነው። ወደብ ላይ ሲራገፍ፣ ካልተራገፈም መርከቧ ከደረሰች ከ15 ቀን በኋላ ያበቃል። በየብስ ላይ ላለ ጭነት የጦርነት መድን የዓለም ገበያ ከብዙ ዘመን ጀምሮ አይሸጥም። ሁከት፣ የሥራ ማቆም አድማና ሽብር የሚያደርሱት ጉዳት ግን ሌላ ውል አለው፤ እሱ በየብስም ይከተላል። የጭነቱ መንገድ በግጭት አካባቢ የሚያልፍ አስመጪ እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ማወቅ አለበት።

የጊዜ ገደቡም ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ሽፋኑ ከሻጩ መጋዘን እስከ ገዢው መጋዘን ነው እየተባለ ይነገራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ዕቃው በመጨረሻው ወደብ ከመርከብ ከተራገፈ 60 ቀን ካለፈው፣ ገና ቤቱ ባይደርስም ያበቃል። ጅቡቲ ላይ ወር ከምናምን የቆመ፣ ከዚያ ሞጆ ደረቅ ወደብ ቀረጥ እስኪከፈል የሰነበተ ኮንቴይነር መድኑ በየትኛው ቀን እንደሚሞት የሚቆጥር ባለቤት ያስፈልገዋል። ቀኑ ሳይደርስ ለኩባንያው አስታውቆ በጥቂት ተጨማሪ አረቦን ማራዘም ይቻላል። ካለፈ በኋላ ግን ልመና ነው።

አሁን ወደ አንድ አሮጌ ታሪክ ልሻገር። በነነዌ ጾም ቤተ ክርስቲያን ትንቢተ ዮናስ ሲነበብ የሰማ ሰው መርከበኞቹ ምን እንዳደረጉ ያስታውሳል። ማዕበሉ ሲበረታ መርከቢቱ እንድትቀል ዕቃውን አንሥተው ባሕር ላይ ጣሉት። ትረካው ወደ ዮናስ ስለሚያልፍ የዕቃው ነገር እዚያው ይቀራል። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል፦ የተጣለው የማን ዕቃ ነበር? መርከብ ላይ የብዙ ነጋዴ ዕቃ አለ። መጀመሪያ የሚጣለው ለእጅ የቀረበው ነው። የአንዱ ዕቃ ተጥሎ የሌሎቹ ከዳነ፣ የተጣለበት ሰው ለብቻው ይክሰር?

የጥንት ባሕረኞች ለዚህ መልስ ነበራቸው። በሜዲትራኒያን የሮድስ ደሴት ሰዎች ሕግ ነው ተብሎ ሮማውያን የወረሱት፣ በ533 እ.ኤ.አ. የወጣው የዮስጢኒያኖስ የሕግ ስብስብም ያስቀመጠው ደንብ፣ ለሁሉም ሲባል የተጣለውን ሁሉም አዋጥቶ ይክፈል ይላል። ይህ ደንብ ዛሬም ሕያው ነው። በመርከብ ዓለም ጄኔራል አቬሬጅ ይባላል፤ እኔ የወል ኪሳራ ብለው እወዳለሁ። በ1864 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ዮርክ፣ በ1877 እ.ኤ.አ. በቤልጂየም አንትወርፕ በተደረጉ ጉባኤዎች መልክ ያዘ፤ የዮርክ አንትወርፕ ደንቦች የሚባሉት በየጊዜው እየታደሱ ዛሬም በቢል ኦፍ ሌዲንግ፣ በመርከብ ጭነት ሰነዱ፣ ጀርባ ላይ ተጠቅሰው ይገኛሉ። የእኛም የባሕር ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. ከፍትሐ ብሔርና ከንግድ ሕጉ ጋር የወጣው፣ ለወል ኪሳራ ቦታ ሰጥቶታል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። መርከቧ 60 ሚሊዮን ዶላር፣ ጭነቱ በሙሉ 40 ሚሊዮን ዶላር ይሁን። ሁሉን ለማዳን ሲባል የወጣው ወጪና የተጣለው ዕቃ 10 ሚሊዮን ቢሆን፣ ከመቶ አሥር ነው። የመርከቡ ባለቤት 6 ሚሊዮን፣ ባለ ጭነቶቹ 4 ሚሊዮን ያዋጣሉ። የ100 ሺህ ዶላር ዕቃ ያለው ሰው 10 ሺህ ዶላር ይከፍላል። ዕቃው የተጣለበትም ሰው ቢሆን ከሚያገኘው ካሣ ላይ የራሱ አሥር በመቶ ይቀነስበታል። ያለዚያ ዕቃው የተጣለበት ሰው ከዳነለት ሰው ተሽሎ ይገኝ ነበር። እድር የሚመስላቸው አሉ፤ ግን እድርተኛ አስቀድሞ ይተዋወቃል፣ በየወሩ ያዋጣል። እዚህ ግን በአንድ መርከብ ላይ መጫናቸው ብቻ ነው አዋጪ የሚያደርጋቸው፤ አንዱ የአንዱን ስም እንኳ አያውቅም።

ነገሩ የተረት ዘመን የሚመስለው ካለ፣ የሜርስክ ሆናምን ነገር ይስማ። በ2017 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ 353 ሜትር የምትረዝም አዲስ መርከብ ነበረች። መጋቢት 6 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. 7,860 ኮንቴይነር ጭና ከሲንጋፖር ወደ ስዊዝ ስትሄድ፣ ከኦማኗ ሳላላ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 900 የባሕር ማይል ገደማ ላይ፣ ከፊት ለፊቷ ካሉት የጭነት ክፍሎች በአንዱ እሳት ተነሣ። ከ27ቱ መርከበኞች አምስቱ ሞቱ። የሲንጋፖር መርማሪዎች የእሳቱን መነሻ በእርግጠኝነት ማረጋገጥ አልቻሉም፤ በዚያው ክፍል ተደራርቦ ወደ ነበረ፣ ውኃ ለማጽዳት ወደሚያገለግል የክሎሪን ውሕድ ግን ጣታቸውን ጠቆሙ። የመርከቧ የፊት ክፍል ነደደ፤ የኋላው ጭነት አብዛኛው ዳነ። መርከቧ ተጎትታ ዱባይ ጀበል አሊ ደረሰች።

እዚህ ላይ ነው የወል ኪሳራ የታወጀው። ከኋላ ተጭኖ ጭስ እንኳ ያልነካው ኮንቴይነር ባለቤት ዕቃውን ለመውሰድ ሲሄድ ሁለት ዋስትና ተጠየቀ፦ መርከቧን ለታደጉት አዳኞች ከዕቃው ዋጋ 42.5 በመቶ፣ ለወል ኪሳራው 11.5 በመቶ። ድምሩ 54 በመቶ ነው። የ100 ሺህ ዶላር ዕቃ ያለው 54 ሺህ ዶላር ሳያሲዝ ዕቃው አይለቀቅለትም። መድን ያለው ሰው ይህን ወረቀት ለኩባንያው ያቀብላል፤ ኩባንያው የዋስትና ሰነድ ይፈርማል፣ ዕቃው ይወጣል። መድን የሌለው በጥሬ ገንዘብ ያስይዛል። የእኛ አገር ነጋዴ ያን ያህል የውጭ ምንዛሪ በአንድ ሳምንት ከየት ያመጣል? እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ጠባቡ "ሲ" እንኳ ይሸፍናል፤ የወል ኪሳራ በሦስቱም ውስጥ አለ። ርካሹን ውል የሚገዛ ሰው ከንቱ ነገር ገዛ አልልም። ለውቅያኖሱ ጋሻ አለው፤ ለመጋዘኑ ደጃፍ ግን የለውም።

አንድ ሌላ ወጥመድ እዚሁ ላይ አለ። መዋጮው የሚሰላው ዕቃው በደረሰበት እውነተኛ ዋጋ ነው። መድኑ የተገዛው ግን ኢንቮይስ ላይ በተጻፈው ከሆነ፣ ኢንቮይሱም ቀረጥ ለመቀነስ ወይም የተገኘው ምንዛሪ እንዲበቃ ተብሎ በግማሽ የተጻፈ ከሆነ፣ ኩባንያው የሚከፍለው ግማሹን ነው። ዕቃው ሙሉ በሙሉ ቢጠፋም እንዲሁ። የተለመደው ልክ የዕቃው፣ የማጓጓዣውና የመድኑ ዋጋ ተደምሮ አሥር በመቶ የተጨመረበት ነው። በኢንቮይስ ላይ ግማሹን የደበቀ ሰው ባሕሩ ላይም ግማሹን ያለ ጋሻ ነው የላከው፤ ይህ በአገራችን ጓዳ የሚያውቁት ብቻ የሚያውቁት፣ ጮክ ተብሎ የማይወራ ኪሳራ ነው።

መድን ሰጪውስ ይህን ሁሉ እንዴት ይችለዋል? ብቻውን አይችለውም። በ1688 እ.ኤ.አ. ገደማ ለንደን ውስጥ ታወር ስትሪት ላይ ኤድዋርድ ሎይድ የሚባል ሰው ቡና ቤት ነበረው፤ የመርከብ ካፒቴኖችና ነጋዴዎች ወሬ የሚለዋወጡበት። አደጋውን የሚካፈል ሰው የጉዞው ዝርዝር ከተጻፈበት ወረቀት ሥር ስሙንና የሚሸከመውን መጠን ይጽፋል፤ አንዱ ብቻውን የማይችለውን ሃያ ሰው ይሸከመዋል። ያን ጊዜ ለንደን የሚጠጣው ቡና ከየመን ሞካ ወደብ የሚጫን ነበር፤ ተክሉ ደግሞ ከእኛ ደን ቀይ ባሕርን የተሻገረ ነው። የዓለም ትልቁ የባሕር መድን ገበያ በቡና ስኒ ዙሪያ መወለዱ ደስ ይለኛል። ዛሬም አሠራሩ ያው ነው። የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በ1968 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርም፣ ከ1986ቱ አዋጅ በኋላ የግል ኩባንያዎች ሲመጡም፣ አንድ ኩባንያ የተቀበለውን አደጋ ከፊሉን ለሌላ መድን ሰጪ ያስተላልፋል። ጠለፋ መድን ይባላል። በ2008 ዓ.ም. የራሳችን የጠለፋ ኩባንያ ተቋቁሟል፤ ትልልቁ አደጋ ግን አሁንም ወደ ውጭ ገበያ ይሻገራል። ስለዚህ ለንደን ላይ የሚወሰን ነገር ቃሊቲ ድረስ ይሰማል። ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየመን ሁቲዎች ቀይ ባሕር ላይ መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ የሆነው ይኸው ነው። በዚያው ታኅሣሥ የለንደን መድን ሰጪዎች የጦርነት ኮሚቴ አደገኛ የሚለውን የቀይ ባሕር ክልል ወደ ሰሜን እስከ 18 ዲግሪ አሰፋው፤ አረቦኑም አሻቀበ። ማዳበሪያ የጫነችው ሩቢማር የተባለች መርከብ በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ተመትታ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰጠመች። ጅቡቲ ያለችው የዚያው ባሕር ደጃፍ ላይ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለሚገባው ነው። ስለሚወጣው፣ ስለ ቡናችን፣ ትንሽ ልቆይ፤ የማዝንበት ነገር አለና።

አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር በተለምዶ 320 ከረጢት ቡና ይይዛል፤ እያንዳንዱ 60 ኪሎ። ቡና ደርቆም ቢሆን ውስጡ ውኃ አለው፤ እስከ 12 በመቶ ገደማ ቢሆን ጤነኛ ነው። ጅቡቲ ላይ በፀሐይ የጋለ ብረት ውስጥ ሲቀመጥ ያ እርጥበት ወደ አየሩ ይወጣል። መርከቧ ቀይ ባሕርን፣ ስዊዝን፣ ሜዲትራኒያንን አልፋ በጥር ወር ሐምቡርግ ስትደርስ የኮንቴይነሩ ጣሪያ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ቀጥሎ የሚሆነውን እንጀራ የጋገረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አክንባሎው ሲነሣ ከሥሩ የሚንጠባጠበው ላብ! ኮንቴይነሩም ጣሪያው ያልበዋል፤ ላቡ የላይኞቹ ከረጢቶች ላይ ይዘንባል። ከጥቂት ቀን በኋላ ነጭ ሻጋታ ነው፤ ሻጋታው የነካው ቡና ሲቆላ የከረመ ምድር ቤት ይሸታል። ከጅማ ወይም ከይርጋጨፌ ገበሬ እጅ ፍሬ በፍሬ ተለቅሞ፣ አልጋ ላይ ተገላብጦ የደረቀ ቡና በመጨረሻዋ ሳምንት በጣሪያ ላብ ይበላሻል።

ለዚህ መድኃኒቱ መድን አይደለም። ግድግዳውንና ጣሪያውን በወፍራም ካኪ ወረቀት መሸፈን፣ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት መስቀል፣ የወለሉ እንጨት መድረቁን ማረጋገጥ፣ ከሁሉ በፊት ቡናው እርጥብ ሆኖ እንዳይጫን መለካት ነው። ቡናው ሲጫን እርጥብ ከነበረ መድን ሰጪው ጉዳቱ ከዕቃው ከራሱ ባሕርይ የመጣ ነው ብሎ ይከራከራል፤ ክርክሩም ያስኬዳል።

ሌላው ክፍተት በሽያጭ ውሉ ላይ ነው። ቡናችን በብዛት የሚሸጠው ኤፍኦቢ ጅቡቲ ተብሎ ነው። መድኑን የሚገዛው ባሕር ማዶ ያለው ገዢ ነው፤ ስለዚህ ላኪው ስለ መድን አያስብም። ኃላፊነቱ ወደ ገዢው የሚዞረው ግን ከረጢቱ ጅቡቲ ላይ መርከብ ሲጫን ነው። ከአዲስ አበባ መጋዘን እስከ መርከቧ ድረስ ያለው ከ750 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ የላኪው ዕዳ ነው። መኪናው ቢገለበጥ የገዢው መድን ላኪውን አያውቀውም። ለዚያች መንገድ ለብቻዋ ሽፋን ይሸጣል፤ የሚገዛት ላኪ ቢበዛ ምኞቴ ነው።

ወደ መጋዘናችን እንመለስ። አስመጪው ኮንቴይነሩን የተረከቡት ከአንድ ቀን በፊት ነው። ሹፌሩ ወረቀት ሰጥቷቸው ፈርመዋል፤ ወረቀቱ ላይ አንዳች አስተያየት የለም። ሰርቬየሩ ይህን ሲያይ ፊቱ ጠቆር አለ። ጉዳቱ ወዲያው የሚታይ ከሆነ ርክክቡ ላይ መጻፍ አለበት፤ የማይታይ ከሆነ በዓለም አቀፉ የባሕር ማጓጓዣ ደንብ መሠረት በሦስት ቀን ውስጥ ለአጓጓዡ በጽሑፍ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ዕቃው በደህና እንደተሰጠ ይቆጠራል፤ ያንን ማፍረስ የባለዕቃው ሸክም ይሆናል። ክስ ለመመሥረት ደግሞ አንድ ዓመት ነው ያለው። መድን ሰጪ ኩባንያ ካሣ ከፍሎ በባለዕቃው ቦታ ተተክቶ አጓጓዡን ያለ ችግር መጠየቅ የሚችለውም እነዚህ ቀኖች ከተጠበቁ ነው።

"የቢል ኦፍ ሌዲንጉን ኮፒ ያሳዩኝ" አለ ልጁ። ያየው የጥቅሉን ቁጥር ነው። አጓጓዡ የሚከፍለው ገደብ አለው፤ በስፋት በሚሠራበት ደንብ በአንድ ጥቅል 666.67 ኤስዲአር፣ ወይም በኪሎ 2 ኤስዲአር፣ ከሁለቱ የሚበልጠው። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው፤ ከአንድ ዶላር ከፍ ይላል። ሰነዱ ላይ "አንድ ኮንቴይነር ወረቀት" ተብሎ ቢጻፍ ጥቅሉ አንድ ነው። "ይህን ያህል ካርቶን" ተብሎ ከተጻፈ እያንዳንዱ ካርቶን ጥቅል ነው። የአስመጪው ሰነድ ካርቶኖቹን ቆጥሯል። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ከዚያ የቀን ሠራተኞቹን ጠርቶ ደረቁን ከእርጥቡ እንዲለዩ ነገራቸው። ደረቁ አንድ ጥግ፣ ዳር ዳሩ ብቻ የራሰው ሌላ ጥግ፣ ያበጠው ለብቻው። የሚጣል ነገር የለም፤ ማስረጃ ነው። ሊድን የሚችለውን ማዳን ደግሞ መድን ያለውም የሌለውም ባለዕቃ ግዴታው ነው፤ ጉዳቱ የተሸፈነ ሲሆን ለማዳኑ የወጣውን ተገቢ ወጪ ኩባንያው ይተካል። አስመጪው ሁሉንም ወደ አንድ ጥግ ጥለው በሩን ዘግተው ሊሄዱ ነበር። እርጥቡ ከደረቁ ጋር ቢያድር ኖሮ ሁሉም በሻገተ ነበር።

ኮንቴይነሩ ባዶ ሲሆን ልጁ ገባና በሮቹን ከውጭ እንድንዘጋበት ጠየቀ። ጥቂት ቆይቶ በቡጢ መታ፤ ከፈትን። "ጋሼ፣ እርስዎም ይግቡና ይዩት።"

አብሬያቸው ገባሁ። በሮቹ ሲዘጉ ጨለማው ድቅድቅ ነው፤ የቆርቆሮና የእርጥብ እንጨት ሽታ ብቻ። ዓይናችን እስኪለምድ ቆምን። ከዚያ ጣሪያው ላይ፣ ያበጡት ካርቶኖች ከነበሩበት በላይ፣ ኮከብ የምትመስል ነጥብ ብርሃን ታየች። አስመጪው እጃቸውን ዘረጉ፤ ብርሃኗ መዳፋቸው ላይ አረፈች።

"ሚስማር እንኳ አታሳልፍም" አሉ።

"ኮንቴይነሩ የአጓጓዡ ነው፣ ጋሼ። የተቀደደ ኮንቴይነር ሰጥቶዎታል" አለ ልጁ። "ደብዳቤውን ዛሬውኑ ይጻፉ፤ ሁለት ቀን ይቀርዎታል።" በስልኩ ብርሃን የኮንቴይነሩን ቁጥር ማስታወሻው ላይ መጻፍ ጀመረ።